መልስ፦ ደሴ ላይ ፒካፕ መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ሳድር ፍራሼ ለምን ይረጥባል? ጣሪያው እያፈሰ ይሆን?

ጣሪያው አያፈስም፤ ቀዳዳ ለመድፈን ሲሊኮን ለመቀባት አትድከም። ጠዋት ከፍራሽህ ሥር ያገኘኸው ውሃ የራስህ ትንፋሽ ነው። ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሽና በላብ አንድ ብርጭቆ ያህል ውሃ ያወጣል። የፒካፑ ቆርቆሮ በታኅሣሥ ብርድ ቀዝቅዞ ስለሚያድር እንፋሎቱ እሱ ላይ ጤዛ ይሆናል። መስኮቱን ሁሉ ግጥም አድርገህ ስትዘጋ ደግሞ መውጫ ያጣል።

1. በተቃራኒ ጎን ያሉ ሁለት መስኮቶችን ሁለት ሁለት ጣት ያህል ክፈት። አንዱ ብቻ ከሆነ አየሩ በደንብ አይዘዋወርም።

2. ፍራሹን ከወለሉ አንሳ። 3 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ክፍተት እየተውክ ደርድርለት። ካርቶን አታንጥፍ፣ ውሃ ይዞ ያድራል።

3. ጠዋት መስታወቱን ጥረግና ጨርቁን ውጭ ጭመቅ፤ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አቁመው።

ብርዱ ከጠናብህ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ እደር። ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል ብዙውን ጊዜ 4 ዲግሪ ያህል ይሞቃል።

አደራህን፣ ለሙቀት ብለህ የከሰል ምድጃ እንዳታስገባ። ፍሙ አመድ ለብሶም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ሽታ ስለሌለው ከእንቅልፍ አይቀሰቅስህም፣ ብቻህን ስለሆንክም በር የሚከፍትልህ የለም። መስኮት ከፍቼዋለሁ ማለትም አያስተማምንም። ይልቅ ሃይላንድ ላይ ሙቅ ውሃ ሞልተህ፣ በካልሲ ጠቅልለህ ጋቢው ውስጥ እግርህ ሥር አድርገው። የፈላ ውሃ ግን አትሙላበት፤ ሃይላንዱ ይጨማደድና ያፈሳል።