የአድዋን ተራራ ጠረጴዛ ላይ ማቆም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የካቲት ሲቃረብ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች መልካቸው ይቀየራል። ሌላ ጊዜ የናፖሊዮንን ወታደሮች ወይም ሮማውያንን በትንንሽ የጨዋታ ምስል ስለ መሥራትና ስለ መቀባት የምትጠይቁኝ ሰዎች ድንገት ሁላችሁም ስለ አድዋ ትጽፋላችሁ፤ ደስ ይለኛል። የዚህን ወር አምድ ሙሉ ለሙሉ ለዚያ ሰጥቼዋለሁ።

አዲስ አበባ ያለሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አጎቴ ከውጭ አገር ባለ 1/72 መጠን (ከእውነተኛው ሰው 72 ጊዜ ያነሱ) የፕላስቲክ ወታደሮች ላከልኝ። የአድዋን ጦርነት ከነሙሉ ሠራዊቱ ሠርቼ ከጓደኞቼ ጋር በዳይስ መጫወት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ወንድሜ፣ ሙሉውን አትጀምረው። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። የጣሊያን ጦር 17,000 ያህል ሰውና 56 መድፍ ነበረው። በእኛ በኩል ወደ 100,000 የሚጠጋ ሰው ተሰልፎ ነበር። አንድ ምስል 50 ሰው ይወክል ብትል እንኳ ከ2,300 በላይ ምስል ያስፈልግሃል። በሳምንት አምስት ብትቀባ ዘጠኝ ዓመት ይፈጅብሃል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያሰላ ገብቶ አርባኛው ወታደር ላይ ይደክመውና ሳጥኑን አልጋ ሥር ይከተዋል።

ይልቅ አንዱን የውጊያ ቦታ ምረጥ። እኔ የምመክርህ የጣሊያኑን የጄኔራል አልቤርቶኔን ብርጌድ ነው። ካርታው ላይ «ኪዳነ ምሕረት» ተብሎ የተጻፈው ኮረብታና የአገሩ ሰው በዚያ ስም የሚጠራው ቦታ የተለያዩ ነበሩ። አልቤርቶኔ በሌሊት ጉዞው ወደ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ሄደና ከሌሎቹ ብርጌዶች ብዙ ኪሎ ሜትር ቀድሞ ብቻውን ቀረ። ለጨዋታ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ጦርነቱ ራሱ ቆርጦ ሰጥቶሃል። ብርጌዱ 4,000 ያህል ሰውና 14 መድፍ ነበረው፤ ስለዚህ 80 ምስልና ሦስት መድፍ ይበቃሃል። በእኛ በኩል በ200 ጀምር። ከኋላ የሚደርሰውን ጦር በየዙሩ እየጨመርክ ታስገባለህ፤ የሞቱትንም ምስሎች መልሰህ ትጠቀምባቸዋለህ።

ስለ ፕላስቲኩ አንድ ነገር። የ1/72 ወታደሮች ለስላሳና ተጣጣፊ ናቸው፤ ቀለም ቶሎ ይላቀቅባቸዋል፤ በተለይ ከጠመንጃው አፈሙዝና ከጦሩ ጫፍ። ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ሳሙና እጠባቸው፣ አድርቃቸው፣ ከዚያ ነጭ ኮላ በውኃ አቅጥነህ ቀባቸው። ቀለሙ ከዚያ በላይ ይሂድ። ሲያልቅ ማት (የማያብለጨልጭ) ቫርኒሽ። ይህን ከዘለልክ ከሦስት ጨዋታ በኋላ የምትይዘው ቀለሙ የተላጠ ወታደር ነው።

ሸማው አስቸገረኝ። ነጭ ስቀባው ወታደሮቼ በኖራ የተነከሩ ይመስላሉ። (ከሀዋሳ)

ምክንያቱ ከነጭ መጀመርሽ ነው። ነጭ ከጀመርሽ ከዚያ በላይ ብርሃን የምትጨምሪበት ቦታ የለሽም። መነሻሽ ክሬም ይሁን፣ ወይም ቡናማ ጠብ የተደረገበት ግራጫ። እሱን እጥፋቶቹ ውስጥ ተይው። ሁለተኛ ደረጃ ትንሽ ነጭ ቀላቅለሽ ጎላ ያለውን ክፍል ቀቢ። ንጹሕ ነጭ የሚነካው ትከሻውን፣ ክንዱ ላይ የተጣለውን ጠርዝና ጉልበቱን ብቻ ነው። ቀለሙ ሁልጊዜ ቀጭን ይሁን፤ ወተት ሲቀጥን እንደሚሆነው። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ ወፍራም ቀለም የተቀረጸውን እጥፋት ይደፍነዋል።

ደግሞ አስቢው እስቲ፤ ይህ ሠራዊት ከጥቅምት ጀምሮ ከሸዋ በእግሩ የመጣ ነው። የካቲት ላይ አድዋ ሲደርስ ሸማው ወራት ሙሉ አቧራ ጠጥቷል፤ ሌሊት ተለብሶ ተተኝቶበታል። የአንዱ ወደ ቢጫ ያደላል፣ የሌላው ወደ ግራጫ፤ የባለጸጋው ታጥቦ ነጥቷል። ሦስት የተለያየ መነሻ ቀለም አዘጋጂና እያቀያየርሽ ሥሪ። አንዱ ከአጠገቡ ካለው ጋር አይመሳሰል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የአውሮፓ ወታደር ስንቀባ ሃምሳውን ደርድረን ኮቱን በአንድ ቀን፣ ሱሪውን በማግስቱ እንቀባለን፤ ዩኒፎርም ስለሆነ ያዋጣል። በዚያው መንገድ የእኛን ከሠራሽ የሚወጣው አንድ ነጭ መንጋ ነው። የአድዋ ዘማች ዩኒፎርም አልነበረውም። ከጌታው ጋር፣ ከቤቱ ስንቅ ይዞ፣ የራሱን ልብስ ለብሶ የመጣ ሰው ነው። ስለዚህ ስድስት ስድስት አድርገሽ ቀቢ፤ ከስድስቱ አንዱ ጥለት ይኑረው፣ አንዱ ራሱ ላይ ጨርቅ ይጠምጥም። የአንበሳ ጎፈርና ለምድ ለጥቂቶች ብቻ ነው፤ ለሁሉም ከሰጠሽው የጀግናው ምልክት ትርጉም ያጣል። ጠመንጃውም ድብልቅ ነበር፤ ግራ፣ ሬሚንግተን፣ ማርቲኒ፣ ከራሱ ከጣሊያን የመጣ ቬተርሊም ጭምር። የተለያየ ምስል ከተለያየ ሳጥን ብትቀላቅዪ ታሪኩን አታበላሺም፤ እንዲያውም ትቀርቢዋለሽ።

ጥለቱን ቀጭን መስመር አድርጎ ለመሳል አትታገዪ። ወፈር አድርገሽ ሳይውና በሸማው ቀለም ከላይና ከታች ከርክሚው። ብሩሽሽም በጣም ትንሹ አይሁን፤ ጫፉ የሾለ 1 ቁጥር ይሻላል፤ ትንሹ ላይ ቀለሙ ምስሉ ሳይደርስ ይደርቃል። በመጨረሻ እግራቸውን ተመልከቺ። ባዶ እግራቸውን ናቸው። ደረቅ ብሩሽ በመሬቱ ቀለም ነክተሽ ቁርጭምጭሚታቸውን ዳስሺው። ያኔ ወታደሩ መሬቱን የረገጠ ይመስላል።

ከፎም ተራራ ሠርቼ ስፕሬይ ስነፋበት ቀለጠ። ምን አጠፋሁ? (ከባሕር ዳር)

እኔም የመጀመሪያ ኮረብታዬ እንዲሁ ነው ያለቀው፤ ሁለት ሳምንት የደከምኩበት በደቂቃ ውስጥ ተበሳሳ። ስፕሬዩ ውስጥ ያለው ማሟሟያ ነጩን ፎም ይበላዋል። መፍትሔው ፎሙን መጀመሪያ ማልበስ ነው። ነጭ ኮላ፣ ጥሩ የተነፋ አሸዋና የውኃ ቀለም አንድ ላይ አቡክተህ በወፍራም ብሩሽ ለቅልቀው። ቀዳዳ እንዳይቀር። ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይሆናል። እኔ እንዲያውም ለመልክዓ ምድር ስፕሬይ ትቻለሁ፤ የግድግዳ ቀለም ይበቃል፣ ይረክሳልም። ፎሙንም አትግዛው። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የሚታሸግበትን የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ይጥሉታል።

የአድዋ ተራሮች ክብ ኮረብታ አይደሉም። ቀጥ ብለው የሚወጡ፣ ጫፋቸው የተሰባበረ ድንጋይ ናቸው። ለዚህ የዛፍ ቅርፊት ወደር የለውም። ቅርፊቱን አቁመህ ለጥፈው፣ ክፍተቱን በጀሶ የተነከረ ፋሻ ድፈነው። ግን ወታደር የሚቆምበት ቦታ ያስፈልጋል፤ ገደል ላይ ምስል ይንሸራተታል። ስለዚህ በየሦስት ሴንቲ ሜትሩ ጠፍጣፋ እርከን ተው።

ቀለሙ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ። ሱቅ የሚሸጠው የሣር ዱቄት ሁሉ አረንጓዴ ነው። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በጋ። ሣሩ ደርቋል፣ መሬቱ ቢጫና ቡናማ ነው። የጆንያ ክር አጭር አጭር አድርገህ ቆርጠህ በኮላ አቁም፤ ከሚሸጠው ሁሉ ይበልጣል። ግራርና ቁልቋል ጥቂት ጥቂት። ባሕር ዛፍ አትትከል! ወደ አገራችን የገባው ገና በዚያው ሰሞን ነው፣ ያውም በአዲስ አበባ በኩል። ቤት ከሠራህ የትግራይን ሕድሞ ሥራ፤ የድንጋይ ግድግዳ፣ በአፈር የተደለደለ ጠፍጣፋ ጣሪያ። ለሕድሞ ሳር ክዳን አያስፈልገውም።

የ13 ዓመት ልጄ ይህን ነገር ወደደው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። የሚያያቸው ማስተማሪያዎች ሁሉ የነጭ ሰው ፊት አቀባብ ነው የሚያሳዩት። የእኛን ሰው ፊት ሲቀባ አመድ መሰለበት፤ አዘነ።

እህቴ፣ ልጅዎ ያልቻለው ነገር የለም። ማስተማሪያው ነው የጎደለው። በእነዚያ ቪዲዮዎች ላይ ፊት የሚፈካው ነጭ በመጨመር ነው። ቡናማ ላይ ነጭ ሲገባ አመዳም ይሆናል። ቀይ ካዘለ ጥቁር ቡናማ ይነሳ፣ ጉንጩንና አፍንጫውን ሲያፈካ ብርቱካናማ ወይም የማር ቀለም ይጨምር። ለጥላው ደግሞ ጥቁር ሳይሆን ሐምራዊ የነካው ቡናማ። ዓይን አይሞክር፤ በዚህ መጠን አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ይበቃል። አንድ ነገር ይሞክሩ፤ የቤተሰብ ፎቶ አጠገቡ ያስቀምጡለት። ጠይም አለ፣ ቀይ አለ፣ ጥቁር አለ። ያንን አይቶ አራት ዓይነት ቀለም ይቀላቅል።

ስፕሬይ ከተጠቀመ ውጭ ይሁን፣ ጭምብል ያድርግ። ዝናባማ ቀን ወይም እርጥበት ሲበዛ ቫርኒሽ አይንፋ፤ ጭጋግ የመሰለ ነጭ ነገር ይተዋል። በፕሪንተር የተሠራ የሬዚን ምስል ካመጣ ደግሞ ታጥቦና ጠንክሮ ያለቀ መሆኑን ሳያረጋግጡ በባዶ እጁ አይንካው።

አስመራ ተወልጄ ፍራንክፈርት የምኖር ነኝ። ቅድመ አያቴ አስካሪ፣ ማለትም በጣሊያን ጦር ውስጥ የተሰለፈ የአገሬው ተወላጅ ወታደር ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ አስካሪዎቹን ስቀባ እጄ ይከብደኛል። ልተዋቸው?

አትተዋቸው ወንድሜ። የአልቤርቶኔ ብርጌድ እግረኛ እኮ አራት የአስካሪ ሻለቃ ነው። እነሱን ካወጣህ የኪዳነ ምሕረት ውጊያ የለም። ከንጋት ጀምሮ እስከ ረፋዱ የተዋጉት እነሱ ናቸው። ከጦርነቱ በኋላም ከባዱ ፍርድ የወደቀው በእነሱ ላይ ነው፤ 800 ያህል ምርኮኛ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቆረጡ። ይህን የሚያውቅ ሰው ሲቀባቸው እጁ ቢከብደው ተገቢ ነው። ቀስ ብለህ ሥራቸው።

ቀይ ታርቡሽ (ዘርፍ ያለው ረጅም ቆብ)፣ ነጭ ልብስ፣ ወገባቸው ላይ መታጠቂያ። የታርቡሹ ዘርፍና የመታጠቂያው ቀለም ሻለቃውን ይለያል፤ የ1ኛው ቀይ ነው። ታርቡሹን በደማቅ ቀይ አትጀምር። ጥቁር ቀይ አልብስ፣ ከዚያ ላይኛውን ጠርዝ ብቻ አድምቅ። ፊታቸውን ግን ከሌላው ወገን ለይተህ አትቀባ። የአንድ አገር ተራራ ሰዎች ናቸው፤ አንድ ቀለም ሳህን ላይ የቀላቀልከውን ለሁለቱም ተጠቀም። ጨዋታው ላይም ቶሎ የሚሸሹ አድርገህ ሕግ አታውጣባቸው፤ ጸንተው ነው የተዋጉት።

ለቅድመ አያትህ አንድ ምስል ለይ። ስሙን ከመቆሚያው ሥር በቀጭን ማርከር ጻፍ። ላዩን ቫርኒሽ አልብሰው፤ ሲያዝ ሲለቀቅ እንዳይፋቅ።