ግጥሚያ ላይ እጄ ይተሳሰርብኛል ላልከው

«ቴኒስ ልምምድ ላይ ማንም አይችለኝም፣ ግጥሚያ ላይ ግን እጄ ይተሳሰራል፤ ምን ላድርግ?» ያልከው ወንድሜ፣ በሽታህን አውቀዋለሁ። «ሩጫ ጨምር» የሚሉህን ተዋቸው፤ እግርህ ምንም አልሆነም።

1. ተናደህ ሜዳ እንዳትገባ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። እዚሁ ጎንደር፣ የግጥሚያዬ ቀን ጠዋት፣ የአንዲት ደብዳቤ ማኅተም ቀርታብኝ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ሰውዬው ሻዩን እያማሰለ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ፣ «ቴኒስ ደግሞ የማን ጨዋታ ነው?» አለኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ገተረኝ። እየሮጥኩ ደረስኩ፤ ግን ስጫወት የዋልኩት ከተጋጣሚዬ ሳይሆን ከሰውዬው ጋር ነበር። ያም ሆኖ በመጨረሻው ዙር (በቴኒስ «ሴት» የሚባለው) 5 ለ 3፣ 40 ለ 15 መራሁ፤ ለማሸነፍ አንዲት ነጥብ ብቻ ቀርታኝ ነበር! ይሄኔ ዋንጫውን ይዤ እዚያ ቢሮ በር ላይ ስቆም ታየኝ። ደብል ፎልት፤ ሁለቱንም የማስጀመሪያ ምት አበላሸሁ። አሁንም ደብል ፎልት። 7 ለ 5 ተሸነፍኩ።

ዝነኛው ተጫዋች ፌደረር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2019 በታላቁ የዊምብልደን ውድድር ፍጻሜ፣ በመጨረሻው ዙር 8 ለ 7፣ 40 ለ 15 እየመራ ሁለቱንም የማሸነፊያ ዕድል አጥቶ በጆኮቪች ተረቷል፤ ያውም በጠቅላላ ነጥብ 14 በልጦ። ይሄን የሰማሁት ግን ሁለት ሳምንት ራኬት ሳልነካ ከከረምኩ በኋላ ነው።

2. በነጥብና በነጥብ መሃል 25 ሰከንድ አለህ። ለመረቡ ጀርባህን ስጥ፣ የራኬትህን ገመድ እያየህ ትንፋሽህን በረጅሙ አውጣ። ትከሻ የሚላላው ሲያስገቡ ሳይሆን ሲያስወጡ ነው። ከዚያ ኳሱን የት እንደምትልክ ብቻ ወስን። ከሰርቭ (ከማስጀመሪያው ምት) በፊት ኳሱን ሁሌ እኩል ጊዜ አንጥር። እኔ አራቴ ነው። አምስተኛውን ካነጠርኩ ሐሳቤ ውጤቱ ላይ ሄዷል ማለት ነው፤ አቁሜ እንደገና እጀምራለሁ። ሌላው ዝነኛ ተጫዋች ናዳል የውሃ ጠርሙሶቹን ሲያሰልፍ ድሮ እስቅበት ነበር፤ አሁን ገባኝ።

3. የወጣ ኳስ ሁሉ የፍርሃት አይደለም። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ይርቃል። ራስህን ፈሪ ብለህ ከመስደብህ በፊት ኳሱን ከታች ወደ ላይ እየፈተግህ ምታ፣ ይወርድልሃል።

ያን ያሸነፈኝን ልጅ በዓመቱ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ በሁለት ዙር ጣልኩት። ደብዳቤዋንም ከግጥሚያው ሦስት ቀን ቀድሜ ሄጄ ነው ያስመታኋት። ሰውዬው አሁንም ሻዩን ያማስላል።