ባዶ እጅ ምን ያደርጋል?

በዚህ ሰሞን የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ጦርነት ናቸው። አራቱን መርጫለሁ። ረዘም ያሉትን አሳጥሬያቸዋለሁ። ስም ያልጻፍኩት ጸሐፊዎቹ ስለጠየቁኝ ነው። የውጭ አገር ታሪኮችን ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን አድርጌዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ሰላማዊ ትግል የሚሉት ነገር አይገባኝም። ጠብመንጃ የያዘ ሰው ፊት ባዶ እጅን መቆም ትርፉ ሞት ነው። ሰላም ሰላም እያሉ ጦርነት ያስቆሙ ሰዎች ካሉ በስም ንገሪኝ።» አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ ወንድሜ፣ በስም እነግርሃለሁ። የላይቤሪያ ሴቶች፣ 2003።

ላይቤሪያ ከ1989 ጀምሮ፣ መሃል ላይ ጥቂት ዓመት ተንፈስ ብላ፣ ጦርነት ውስጥ ነበረች። ከ200,000 በላይ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ሕፃናት ዕፅ እየተሰጣቸው መሣሪያ ይሸከሙ ነበር። በ2003 መጀመሪያ አማፂዎቹ ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ሞንሮቪያ እየተጠጉ ነው፣ ፕሬዚዳንቱ ቻርለስ ቴይለር ደግሞ መደራደር አይፈልጉም። ሌይማ ቦዊ የምትባል የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ፣ ራሷም የልጆች እናት የሆነች፣ ከወራት በፊት ጀምራ ከጓደኞቿ ጋር ሆና ሴቶችን ትሰበስብ ነበር። ክርስቲያኖቹም ሙስሊሞቹም መጡ። አብሮ መጸለይ ለአንዳንዶቹ መጀመሪያ ላይ ከብዷቸው ነበር፣ ግን ልጅ የሞተባት ሴት ከልጅ የሞተባት ሴት ጋር ለመግባባት ብዙ ጊዜ አይፈጅባትም።

ነጭ ቲሸርት ለበሱ። ፀጉራቸውን በነጭ አሰሩ። ጌጥ አወለቁ። የፕሬዚዳንቱ መኪና በሚያልፍበት ትልቅ መንገድ ዳር፣ የዓሣ ገበያው አጠገብ ያለ ሜዳ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ ሲያቃጥልም ዝናብ ሲወርድም እዚያው ናቸው። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፦ ተኩስ ይቁም፣ ተደራደሩ። ኤፕሪል ላይ ቴይለር ተቀብለው አነጋገሯቸው፣ ወደ ድርድር ለመሄድም ተስማሙ። ሴቶቹ በዚህ አላበቁም። የአማፂዎቹን መሪዎችም ፈልገው አገኙና ያንኑ ነገር ለእነሱም ነገሯቸው።

ድርድሩ ጁን ላይ ጋና ውስጥ ተጀመረ። ሳምንታት አለፉ። ተደራዳሪዎቹ ጥሩ ሆቴል ውስጥ ተኝተው ስለ ሥልጣን ክፍፍል ይከራከራሉ፣ ሞንሮቪያ ላይ ሞርታር ይዘንባል። ጁላይ ላይ ሴቶቹ የስብሰባውን አዳራሽ በር ዘግተው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሳትስማሙ አትወጡም አሉ። የጥበቃ ሰዎች ቦዊን ሊያስሯት ሲመጡ ልብሷን ማውለቅ ጀመረች። እዚያ አካባቢ እናት ሆነ ብላ ራቁቷን ከቆመች እርግማን ነው። እኛም ይሄ ይገባናል፤ እናት «ያጠባሁህ ጡት» ብላ ስትለምን ረግጧት የሚያልፍ ማን አለ? አደራዳሪው፣ የቀድሞው የናይጄሪያ መሪ ጄኔራል አብዱልሰላሚ አቡበከር፣ መጥተው አነጋገሯቸው፣ ተደራዳሪዎቹም ወደ አዳራሹ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ድርድሩ ድርድር ሆነ። ኦገስት 11 ቴይለር ሥልጣን ለቀቁ። ኦገስት 18 ስምምነቱ ተፈረመ።

ሴቶቹ ብቻቸውን አደረጉት ካልኩህ ዋሸሁህ። በቴይለር ላይ ዓለም አቀፍ ክስ ወጥቶባቸው ነበር፣ አማፂዎቹም ከተማዋ ውስጥ ገብተው ነበር፣ የምዕራብ አፍሪካ ወታደሮችም ሰላም ለማስከበር ገቡ። ግን ሁለቱም ወገን መሣሪያ ይዞ ለዓመታት ያላመጣውን ነገር፣ ማለትም «ለሕዝቡ ምን ብለን እንመልሳለን» የሚል ኀፍረት፣ አዳራሹ ውስጥ ያስገቡት እነሱ ናቸው። ቦዊ በ2011 የኖቤል የሰላም ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሴቶች አንዷ ሆናለች።

«ትርፉ ሞት ነው» ላልከው፣ አዎ፣ በባዶ እጅ የወጣ ሰው ይገደላል፣ ብዙ ተገድለዋል። መሣሪያ ያነሳም ይገደላል። ኤሪካ ቼኖዌት እና ማሪያ ስቴፋን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከ1900 እስከ 2006 የተደረጉ 323 ትላልቅ ትግሎችን አንድ በአንድ አጥንተው ነበር። ያለ መሣሪያ ከተደረጉት 53 በመቶው ዓላማቸውን መቱ፣ በመሣሪያ ከተደረጉት 26 በመቶው። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ጠብመንጃ የሚሸከመው አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ወንድ ነው፣ ሰልፍ ላይ ግን አያትም ተማሪም ነፍሰ ጡርም ይወጣል። ብዛቱ ወታደሩን ራሱን ያሳስበዋል፤ እህቱ እዚያ ውስጥ ልትኖር ትችላለች።

ጥያቄ፦ «እኔ የምኖረው ኢየሩሳሌም ነው። ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስመለስ ኪካር ፓሪስ የሚባለው አደባባይ ላይ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ቆመው አያለሁ። ሰው ይሰድባቸዋል። እነሱ ዝም ይላሉ። ልጄ ወታደር ነው። እነሱን ሳይ እኔን የሚወቅሱኝ ይመስለኛል፣ ግን ደግሞ ልቤ ይሳባል። ምንድን ናቸው?» እናት፣ ከእስራኤል

መልስ፦ እናቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት።

እነዚያ «ጥቁር የለበሱ ሴቶች» ይባላሉ፣ በዕብራይስጥ ናሺም ቤሻሖር። የጀመሩት ጃንዋሪ 1988 ነው፣ የመጀመሪያው ኢንቲፋዳ፣ ማለትም በእስራኤል ወረራ ሥር ያሉት ፍልስጤማውያን አመፅ፣ ከተነሳ ከአንድ ወር በኋላ። ጥቂት ሴቶች ነበሩ። ዓርብ ከሰዓት ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆማሉ፣ በጥቁር እጅ ቅርጽ የተቆረጠ ጽሑፍ ይይዛሉ፦ ዳይ ላኪቡሽ፣ ወረራው ይብቃ። በቃ ይኸው ነው። ንግግር የለም፣ ድምፅ ማጉያ የለም። ዝናብም ስድብም ሲመጣ ቆመው ያሳልፉታል፣ በሳምንቱ ይመለሳሉ። ጥቁር ለምን እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ጥቁር የለበሰች ሴት ሐዘን ላይ ናት፣ ፊቷ ቆሞ የሚጮህ ሰው ነውረኛ ነው። እነሱም ሐዘናቸው ለሁለቱም ወገን ሟች ነው።

ሐሳቡ ከኢየሩሳሌም ወጥቶ ሄዷል። ዩጎዝላቪያ ስትፈራርስ፣ በኦክቶበር 1991፣ የሰርቢያ ዋና ከተማ የቤልግሬድ ሴቶች ጥቁር ለብሰው አደባባይ ወጡ። የራሳቸው መንግሥት በስማቸው የሚያካሂደውን ጦርነት ነበር የተቃወሙት። ከሃዲ ተባሉ፣ ተተፋባቸው። ላለመዋጋት ከጦሩ የሸሹ ወጣቶችንም ይረዱ ነበር። ጎረቤትን ተቃውሞ መቆም ቀላል ነው። የራስን ወገን «ይህን በስሜ አታድርግ» ማለት ግን፣ ዘመድ እየራቀ፣ ጎረቤት ሰላምታ እየነሳ ነው የሚደረገው፤ እኔ ከማደንቃቸው ሰዎች ሁሉ በላይ እነዚህን አደንቃለሁ።

ልጅዎን ይወቅሱታል ብዬ አላስብም። ይልቅ አንድ ሌላ ታሪክ ልንገርዎት፣ እሱም እዚያው አገር የሆነ። እስራኤል ደቡብ ሊባኖስን ለረጅም ዓመታት ይዛ ቆየች። በፌብሩዋሪ 1997 ወደዚያ ወታደር የጫኑ ሁለት ሄሊኮፕተሮች ሰማይ ላይ ተጋጭተው 73 ሰው ሞተ። ያኔ ሊባኖስ ውስጥ ወታደር ልጅ ያላቸው የሰሜን እስራኤል እናቶች «አራት እናቶች» የሚል ንቅናቄ ጀመሩ። መንገድ ዳር ቆሙ፣ ፊርማ አሰባሰቡ፣ ሚኒስትሮችን አነጋገሩ። «ሴቶች ስለ ጦር ምን ያውቃሉ» ተባሉ። እነሱ ግን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ ልጆቻችን እዚያ የሚሞቱት ለምንድን ነው? ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጥያቄው የአገሩ ሁሉ ጥያቄ ሆነ። ለጠቅላይ ሚኒስትርነት የተወዳደሩት ኤሁድ ባራክ በ1999 ምርጫ ጦሩን አስወጣለሁ ብለው ቃል ገቡ፣ በሜይ 2000 ወጣ። እዚያ እስራኤልን ይወጋ የነበረው የሊባኖስ ታጣቂ ቡድን የሂዝቦላህ ጥቃትም ትልቅ ድርሻ ነበረው፣ ይህን አልደብቅም። ግን ወታደር ልጅ ያላት እናት ወረራን መቃወም እንደምትችል፣ ልጇንም በዚያው ልቧ እንደምትወድ፣ እነዚያ ሴቶች አሳይተዋል። ልብዎ ከተሳበ አንድ ዓርብ ቆም ብለው ያነጋግሯቸው። አብረው ይቁሙ አላልኩም። ያነጋግሯቸው።

ጥያቄ፦ «አባቶቻችን ጣልያንን ያባረሩት በጠብመንጃ ነው። ወራሪ መሬትህ ላይ ከገባ በኋላ ሰላማዊ ትግል የሚባለው ነገር ለአርበኞቹ ስድብ አይሆንም?» የታሪክ ተማሪ፣ ከጎንደር

መልስ፦ አይሆንም። አርበኞቹን ማንም አይነካብህም፣ እኔም ጭምር።

ግን አንድ ነገር አስብ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ጣልያኖች አቡነ ጴጥሮስን አዲስ አበባ ላይ በጥይት ገደሏቸው። እሳቸው አርበኞቹን ይደግፉ ነበር፣ ስለዚህ የሰላም ታጋይ ብዬ አዲስ ስም አልሰጣቸውም። ጣልያን ከእሳቸው የፈለገው ቃል ነበር፦ አርበኞቹን አውግዝ፣ ሕዝቡን ተገዛ በል። ከለከሉት። ያን ያህል ጦር ያለው ኃይል የአንድ መነኩሴን ቃል ለምን ፈለገ? ወራሪ መሬቱን በታንክ ይይዛል፣ ለማስተዳደር ግን የተወረረው ሰው እጅ ያስፈልገዋል። ጸሐፊ ይፈልጋል፣ መምህር ይፈልጋል፣ ግብር ከፋይ ይፈልጋል። ይህን እጅ መከልከል ነው ሰላማዊ ትግል የሚባለው።

ኖርዌይን ጀርመን በ1940 ያዘቻት። ከጀርመን ጋር ያበረው ክቪስሊንግ በ1942 መጀመሪያ መምህራን ሁሉ የእሱ ማኅበር አባል እንዲሆኑ፣ ልጆቹንም በናዚ መንገድ እንዲያስተምሩ አዘዘ። አገሪቱ ውስጥ 12,000 ያህል መምህራን ነበሩ። ከ8,000 በላይ የሚሆኑት አንድ ዓይነት ደብዳቤ ጻፉ፣ እያንዳንዱ በራሱ ስም ፈርሞ፦ አባል አልሆንም። እስቲ ይህን አስበው፤ ስምና አድራሻህን ጽፈህ ለጌስታፖ፣ ለናዚ ምሥጢራዊ ፖሊስ፣ እንደ መስጠት ነው። መንግሥት ማገዶ የለም በሚል ሰበብ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። መምህራኑ ልጆችን በየቤቱ አስተማሩ። ወላጆች የተቃውሞ ደብዳቤ በገፍ ላኩ። ማርች ላይ ወደ 1,100 መምህራን ታሰሩ፣ ብዙዎቹ በመርከብ ታጭቀው ኪርኬኔስ ወደሚባል የሰሜን ጫፍ ቅዝቃዜ ተላኩ፣ እዚያ ወደብ ላይ ሸክም አወረዱ። ለቤተሰቦቻቸው ሰው በድብቅ ገንዘብ ያዋጣ ነበር። አብዛኞቹ አልተንበረከኩም። ክቪስሊንግ አንድ ትምህርት ቤት ሄዶ እናንተ መምህራን ሁሉንም ነገር አበላሻችሁብኝ ብሎ ጮኸ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ታሳሪዎቹ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፣ ዕቅዱም ቀረ። ኖርዌይ ነጻ የወጣችው ጀርመን በ1945 ስትሸነፍ ነው፣ መምህራኑ ጀርመንን አላባረሩም። የልጆቹን አእምሮ ግን ለወራሪው አልሰጡም።

ሁልጊዜ እንዲህ አያበቃም። ቤተልሔም አጠገብ ያለችው የፍልስጤማውያን ከተማ ቤት ሳሁር በመጀመሪያው ኢንቲፋዳ ጊዜ ለእስራኤል ወታደራዊ አስተዳደር ግብር አንከፍልም አለች። በዚያው ጊዜ የእስራኤል ወተት ላለመግዛት 18 ላም ገዝተው ነበር፣ ጦሩ ላሞቹን ለጸጥታ ስጋት ናቸው ብሎ ፈለጋቸው። ሰዉ ላሞቹን ደበቃቸው። ግብሩን ሲከለክሉ ከተማዋ በ1989 ለስድስት ሳምንት ያህል ተከበበች፣ ወታደሮች ከየቤቱና ከየሱቁ ዕቃ ጭነው ሄዱ። ወረራው አልቆመም። ጉዳዩ ተባበሩት መንግሥታት ድረስ ደርሶ አሜሪካ በድምፅዋ ውድቅ አደረገችው። ይህንንም ልታውቀው ይገባል፣ የምታጠናው ታሪክ ነውና።

ጥያቄ፦ «አምስት ሴቶች ነን፣ ሦስታችን መምህራን። ጦርነት ከተማችን ውስጥ ገብቶ ወጥቷል። ደግሞ እንዳይመለስ የሆነ ነገር ማድረግ እንፈልጋለን፣ ግን አምስት ሰው ምን ያደርጋል? ከየት እንጀምር?» ከሰሜን ወሎ

መልስ፦ እህቶቼ፣ አምስት በቂ ነው። የላይቤሪያዎቹ አደባባይ ከመውጣታቸው በፊት ለወራት ያደረጉትን ልንገራችሁ፦ ዓርብ መስጊድ፣ ቅዳሜ ገበያ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ሴቶችን አነጋገሩ። ማንበብ ለማትችለው በሥዕል የተሠራ ወረቀት ሰጡ። እናንተም ከዚያ ጀምሩ። ቡና ላይ፣ ዕድር ላይ፣ ማኅበር ላይ። አምስታችሁ የአንድ እምነት ወይም የአንድ ብሔር ሰዎች ከሆናችሁ ስድስተኛዋን ከሌላው ወገን ፈልጉ፣ ይህን ሳታደርጉ ሌላ ነገር አትጀምሩ። እሷ ከሌለች «የእገሌ ወገን» ትባላላችሁ፣ ከዚያ የሚሰማችሁ አይኖርም።

የምትጠይቁት ነገር አንድ ይሁን፣ አንዲት አሮጊት ሰምታ ለጎረቤቷ መድገም የምትችለው ዓይነት። ሲሰድቧችሁ ምን እንደምታደርጉ አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ ቤት ውስጥም ተለማመዱት፤ አንዷ ስድብ ከመለሰች ወሬው ሁሉ ስለ ስድቡ ይሆናል። ሁሉም ሰው አደባባይ መቆም የለበትም። ልጅ የምትይዝ፣ ምግብ የምታበስል፣ የታሰረ ቢኖር የምትጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። አካባቢው አሁን ለመሰብሰብ የሚያሰጋ ከሆነም ቤት ለቤት ይሁን፣ ማንም ለታይታ አይጎዳ።

ከሩቅ አገር ብቻ መማርም የለባችሁም። መስከረም 2011 ቡራዩ አካባቢ የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቶች ለበቀል ወጥተው ነበር። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩባቸው። የተንበረከከ ሽማግሌን ተሻግሮ መሄድ በባህላቸው አይቻልም። ወጣቶቹ ተመለሱ። ያን ቀን አርባ ምንጭ ውስጥ በሕይወት ያደሩ ሰዎች አሉ፣ ሽማግሌዎቹ ስለተንበረከኩ። በናንተ አካባቢ የማይታለፈው ምንድን ነው? የእናት ነጠላ ነው? የቄስ መስቀል ነው? የሼህ ቃል ነው? የዕድሜ ባለጸጎቹን ጠይቁ፣ ያውቁታል።

ስድስተኛዋን ስታገኙ ጻፉልኝ።