መልስ፦ ዐቃቤ ሕግ እያለ ጠበቃ ምን ያደርግልናል?

ደላላ አታልሎ የበደላትን የታናሽ እህትሽን ጉዳይ ዐቃቤ ሕግ ከያዘው ጠበቃ ለምን እንቀጥራለን ላልሽው፦ ደላላውን በወንጀል የሚከሰው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ለእሱ ብላችሁ ለማንም አትክፈሉ። ጠበቃ የሚያስፈልጋችሁ ለካሳው ነው።

የጠቀስሽው፣ ልጃገረዶችን ለወሲብ በማዘዋወር የተከሰሰው የአሜሪካዊው ባለሀብት የኤፕስታይን ጉዳይም እንዲሁ ነበር። እሱን የከሰሰው መንግሥት ነው። እንደ ቦይስ ሺለር ፍሌክስነር የጥብቅና ድርጅት ያሉ የተጎጂዎቹ ጠበቆች ግን ገንዘቡን ያንቀሳቀሱለትን ባንኮች በፍትሐ ብሔር ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2023 ጄፒ ሞርጋን 290 ሚሊዮን፣ ዶይቸ ባንክ ደግሞ 75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ።

እኛ አገር የካሳ ጥያቄው እዚያው የወንጀሉ ችሎት ላይ ሊቀርብ ይችላል። አቅም ከሌላችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ አለው፤ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሂዱ። ስልኳን አትሽጡት፣ ደላላው የላከላትን የድምፅ መልእክት አታጥፉ፣ የባንክ ደረሰኙንም ያዙት።

አንድ ነገር አደራ። እኛ ሰፈር በሌላ ልጅ ጉዳይ አንድ ደላላ ሽማግሌ ልኮ፣ ቤተሰቡ ትንሽ ብር ተቀብሎ «ታርቀናል» ብሎ ፈረመ። ልጅቷ ልትመሰክር ስትቆም ያ ወረቀት ፊቷ ተነበበ። የነጠላዋን ጫፍ ጨምድዳ ይዛ ዝም አለች፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እህቴ፣ ጠበቃ ሳያየው ምንም ወረቀት እንዳትፈርሙ።