ባለ 8 ጥይት፣ የፈላ ውኃና የስም መዝገብ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች የመጡት ከሐረርና ከድሬዳዋ ነው። አራቱም የሚያጠነጥኑት ትንሽ አቅም ያለው አገር በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ጦሩን በሰላም ጊዜ እንዴት ያኖር እንደነበር ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ ውጅግራ ጠመንጃ ነበራቸው። አባቴ ሲያወሩ “ዘማቹ የቸገረው ጥይት ሳይሆን የራሱ ጥይት ነው” ይላሉ። ጥይት ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ? (ከሐረር፣ ጁገል)

መልስ፦ አባትዎ ነገሩን አንጥረው ነው የተናገሩት። እስከ 1928 ዓ.ም. በአገራችን የተከማቸው ጠመንጃ ከፊሉ የተገዛ፣ ከፊሉ በስጦታ የመጣ፣ ከፊሉም የተማረከ ነበር፤ እያንዳንዱም የራሱ ጉሮሮ፣ ማለት ጥይቱ የሚገባበት ቀዳዳ፣ አለው። ውጅግራ በ1874 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ያወጣችው፣ 11 ሚሊሜትር፣ በጥቁር ባሩድ የሚተኩስና አንድ በአንድ የሚጎርስ ነው። የዚያችው የፈረንሳይ ለበን ከ12 ዓመት በኋላ መጣ፤ 8 ሚሊሜትር፣ ባሩዱ ጭስ አልባ፣ ከአፈሙዙ ሥር በተዘረጋው ቱቦ 8 ጥይት ይይዛል። ዓድዋ ላይ የተማረከው የጣሊያኑ ቬተርሊ 10.35፣ የጀርመኑ ሞዘር 7.92 ነው።

ጥፋቱ የሚጀምረው ግንባር ላይ ሳይሆን ግምጃ ቤት ውስጥ፣ መዝገብ ላይ ነው። ጸሐፊው “ባለ 8፣ 40 ሣጥን” ብሎ ከጻፈ የለበን ይሁን የኦስትሪያው ምንሽር ወይም የሞዘር፣ ማን ያውቃል? የሦስቱም ስፋት 8 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ሰው ሁሉንም “ባለ 8” ይላቸዋል። የለበን ቀለህ ቂጡ ሰፊና ከንፈር ያለው ነው፤ የሞዘሩ ከንፈር የለውም፤ አንዱ በሌላው ጉሮሮ አይገባም። ስህተቱ የሚታወቀው ሣጥኑ ግንባር ደርሶ ሲከፈት ነው።

ምንሽር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ጥይቱን 5 በ5 ከሚያቅፈው ብረት ጋር አብሮ ነው የሚጎርሰው። ብረቱ ከጠፋ ጥይት ተትረፍርፎም እያንዳንዷን በእጅ ማጉረስ ይመጣል። ጥይት ከሣጥን ዘርግፎ በጭብጥ ማደል ስለዚህ ከባድ ጥፋት ነው፤ ዘመናዊውን ጠመንጃ መልሶ ውጅግራ ያደርገዋል።

መድኃኒቱ የሚሠራው በሰላም ጊዜ ብቻ ነው። ለአንድ ሻለቃ ጦር አንድ ዓይነት ጠመንጃ ይሰጣል፤ የተቀላቀለውና ያረጀው ለዘበኛና ለመለማመጃ ይወጣል። ሣጥኑ ላይ ከቁጥሩ በፊት የጠመንጃው ስም በቀለም ይጻፋል፣ ለማያነበውም የየዓይነቱ ቀለም ይለያል። ፊንላንድ በ1917 እ.ኤ.አ. ነፃ ስትወጣ የሩሲያን 7.62 ጠመንጃ አልጣለችም፤ አፈሙዙን እያደሰች በዚያው ጥይት ቆየች። በ1939 ሩሲያ ስትወራት የማረከችው ጥይት ሁሉ በቀጥታ ለራሷ ጠመንጃ ሆነ።

ጥያቄ፦ የድሮ ወታደሮች ጠመንጃቸውን በፈላ ውኃ ያጥቡ ነበር ይባላል። ውኃ ብረት አያዝግም? (ከድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ)

መልስ፦ እውነት ነው፣ ያጥቡ ነበር። በዚያ ዘመን ጥይቱን የምትለኩሰው የቀለህ ቂጥ ላይ ያለችው ቅመም ፖታሲየም ክሎሬት ነበረባት። ስትነድ በአፈሙዙ ውስጥ ጨው ትተዋለች፤ ጨው ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ዘይት ጨውን አያሟሟም፤ ከላዩ ይሸፍነዋል እንጂ። ወታደሩ ዘይት ቀብቶ “ጸድቷል” ብሎ ሲያስቀምጥ ዝገቱ ከዘይቱ ሥር ይሠራል። በደረቁ በድሬዳዋ ቆላ ጥፋቱ ሊዘገይ ይችላል፤ በሐረር ክረምት ግን በቀናት ውስጥ ይታያል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በተተኮሰበት ዕለት ቃታው (የጉሮሮው መዝጊያ) ይወጣል፣ ከጉሮሮው በኩል አንድ ሊትር ያህል የፈላ ውኃ ይፈስበታል። የፈላ የተባለው ብረቱ ግሎ ራሱን በራሱ እንዲያደርቅ ነው፤ ለብ ባለ ውኃ የታጠበ ግን እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ መወልወል፣ በመጨረሻ ዘይት በስሱ መቀባት። በማግስቱ ጨርቁ ቀይ ይዞ ከወጣ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ጣቢያ የወረደ ጥይት ሐረር ለመድረስ ስንት በቅሎ ይፈልጋል? (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ 600 ሰው ያለው ሻለቃ እንውሰድ። ለአንድ ሰው 120 ጥይት ብንሰፍር 72,000 ይሆናል። የሞዘር ሣጥን 1,500 ቢይዝ 48 ሣጥን ነው። አንዱ ከነእንጨቱ ከ40 ኪሎ ያልፋል፤ በቅሎ ሁለት ሣጥን ግራና ቀኝ ትጭናለች። 24 በቅሎ ማለት ነው። የደንገጎን ዳገት ለመውጣት ግን ለምትደክመውና ለምትቆስለው 4 መለወጫ ይጨመራል። የበቅሎን ጀርባ የሚያቆስለው ብዙ ጊዜ ክብደቱ ሳይሆን የጭነቱ አለመመጣጠን ነው፤ አንዱን ሣጥን ከፍቶ ማደልና ሌላውን ሙሉ መተው አይገባም።

ከጥይቱ ይልቅ የሚከብደው ስንቁ ነው። ለሰው በቀን ሦስት ሩብ ኪሎ እህል ቢሰፈር ሻለቃው 450 ኪሎ ይበላል፤ በቀን 5 በቅሎ፣ ለ10 ቀን 50 በቅሎ ነው። በቅሎዎቹም ይበላሉ።

ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ግን ወደቡም ኩባንያውም የፈረንሳይ ነበሩ። ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ኢትዮጵያ መሣሪያ እንድታስገባ ቢፈቅድም፣ በ1927 እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ መሸጥ ከለከሉ። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ ክልከላው የጎዳው እኛን ነው። አንድ በር ብቻ ያለው አገር ጎተራውን መሙላት ያለበት በሩ ሳይዘጋ ነው።

ጥያቄ፦ ትንሽ አገር ብዙ ወታደር ሳይቀልብ እንዴት ብዙ ሊያዘምት ይችላል? (ከሐረር፣ አንድ መምህር)

መልስ፦ ስዊዘርላንድ ወታደሩን አሠልጥና ከነጠመንጃው ቤቱ ትሰደዋለች፤ በየዓመቱም የግዴታ ተኩስ አለበት። ፊንላንድ በዚያ ዘመን ወጣቱን አንድ ዓመት ገደማ ታሠለጥንና በተጠባባቂነት ትመዘግበው ነበር። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የክተቱን ሥራ ለየወረዳው ሰጠች፦ የአካባቢው ጽሕፈት ቤት የሰዎቹን ስም፣ የሚገቡበትን ክፍል፣ የሚወሰዱትን ፈረሶችና ጋሪዎች ሳይቀር ይይዝ ነበር። ዘማቹ የሚሰለፈው ከጎረቤቱ ጋር ነበር።

የዚህ ሥርዓት ደካማ ጎን መዝገቡ ነው። ሰው ይሞታል፣ አገር ይለውጣል፣ ይታመማል። በዓመት አንድ ጊዜ ስም በስም ካልተጣራ 600 ተብሎ የተጻፈው ሻለቃ በክተት ቀን ጎድሎ ይገኛል፤ ለጎደሉት የተቀመጠው ጠመንጃም ተሸካሚ ያጣል። ጫማም በልክ ተለይቶ ካልተቀመጠ የመጀመሪያው ቀን ጉዞ ሰውን ያስቀራል።

የእኛ ክተት ሠራዊት በመሬት ማደሪያና በየአለቃው ላይ የቆመ ነበር፤ ዘማቹ ስንቁን ራሱ ይዞ ይመጣል። ብርታቱ መንግሥት ደመወዝ ሳያወጣ ብዙ ሰው ማሰለፉ፣ ድክመቱ ስንቁ ሲያልቅ ሰውም መበተኑ ነው። በደመወዝ የሚያድር መደበኛ ጦር ተጀምሮ ነበር፦ ክቡር ዘበኛን ቤልጅጎች አሠለጠኑ፤ የሆለታው የጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች በ1927 ዓ.ም. ተከፈተ። ዓመት ሳይሞላው ጦርነቱ ደረሰበት። መኮንን ለማውጣት ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ያን ደግሞ በገንዘብ መግዛት አይቻልም።

ፊንላንድ ተጠባባቂዎቿን በኦክቶበር 1939 እ.ኤ.አ. “ለተጨማሪ ልምምድ” ብላ ጠራች። ኖቬምበር 30 ጦርነቱ ሲጀመር ሰዎቹ ድንበር ላይ፣ ከየክፍላቸው ጋር ነበሩ። በአዲስ አበባ የክተት ነጋሪት የተጎሰመው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የጣሊያን ጦር በዚያው ዕለት ንጋት ላይ መረብን ተሻግሯል።