ጫን፣ ልቀቅ፣ እይ

ባለፈው እትም ስለ ቢላዋ አሳሳል ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ግን የሚጠይቁት ስለ ትንሹ የኤሌክትሪክ መክተፊያ ነው። ደስ ብሎኛል። እኔና እናቴ ለሁለት የምንኖርበት ቤት ውስጥ ይህ ዕቃ ስድስት ዓመት አገልግሎናል። ከአራት ደብዳቤዎች የተውጣጡ ጥያቄዎችን ዛሬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን። መክተፊያ ማሽን ከገዛን ሦስት ወር ሆነን። ሽንኩርት ስከትፍበት ታቹ እንደ ሊጥ ይሆንና ውሃ ያወጣል፣ ላይ ላዩ ደግሞ ሳይከተፍ ይቀራል። ችግሩ ከማሽኑ ነው ወይስ ከእኔ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማሽኑ ምንም አልሆነም። ጣትዎ ቁልፉ ላይ ስለሚቆይ ነው።

እንዲህ ያድርጉ። ሽንኩርቱን ልጠው ለአራት ይክፈሉት፣ ትልቅ ከሆነ ለስምንት። ቁራጮቹ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ጥሩ ነው። ከመጠናቸው በላይ ግን እኩል መሆናቸው ይጠቅማል። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ከሆነ፣ ትልቁ ገና ሳይነካ ትንሹ ይደቃል። ሳህኑን ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሙሉት። ከዚያ ክዳኑን ይግጠሙና ቁልፉን ጫን፣ ወዲያው ልቀቅ ያድርጉ። አንድ ሰከንድ እንኳ አይሙላ። ስለቱ እስኪቆም ይጠብቁና ይዩት።

ትናንት ማታ ለዚህ ደብዳቤ ብዬ አንድ መካከለኛ ሽንኩርት እየቆጠርኩ ከተፍኩ። የመጀመሪያውን ስጫን ንብርብሮቹ ተላቀቁ እንጂ ብዙም አልተቆረጡም። በሦስተኛው የአውራ ጣት ጥፍር አከሉ። በአምስተኛው ከታች ያሉት የስንዴ ፍሬ ሲያክሉ ሦስት አራት ትልልቅ ቁራጮች ጎኑ ላይ ተለጥፈው ቀሩ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ቁልፉን ይዞ የሚቆየው፣ እነዚያን ለመድረስ ብሎ። እኔ ሶኬቱን ነቅዬ ክዳኑን ከፈትኩ። የተለጠፈውን በማንኪያ ወደ መሃል መለስኩ። ገጠምኩና ሁለት ጊዜ ብቻ ጨመርኩ። በሰባት ጊዜ አለቀ። ከዚያ ግማሹን አወጣሁና የቀረውን ሆን ብዬ ሦስት ሰከንድ ያህል ቁልፉን ሳልለቅ ያዝኩት። ሳህኑ ግርጌ ነጭ፣ አረፋ ያለው ውሃ አቆረ። እርስዎ የጻፉልኝ ይህንኑ ነው።

የሽንኩርት አካል ወደ 90 ከመቶ ገደማ ውሃ ነው። ውሃው በጥቃቅን ሕዋሳት ውስጥ ተቋጥሮ ይኖራል። ስለቱ ሕዋሱን ሲያፈርሰው ይፈሳል። ዓይን የሚያቃጥለው ጋዝም የሚፈጠረው ያኔ ነው፤ ሽንኩርቱ ሳይቆረጥ ተለያይተው የነበሩት ኢንዛይሙና የሰልፈሩ ውህድ ሲገናኙ። በደቀቀ ቁጥር ብዙ ይገናኛሉ። ለዚህ ነው የላመ ሽንኩርት ሽታው የሚከብደው፣ ጣዕሙም መረር የሚለው። ዘይት ላይ ሲያርፍ ደግሞ መጀመሪያ ውሃውን እስኪጨርስ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። አንዴ ከላመብዎ አይጣሉት። በማጥለያ ያጥልሉትና ውሃውን ለሾርባ ያውሉት።

ቲማቲም ከዚህም ይበልጥ ቶሎ ይፈርሳል። ሁለቴ መጫን ይበቃዋል። ቅጠላ ቅጠል ከሆነ ካጠቡ በኋላ በፎጣ በደንብ ያድርቁት። እርጥብ ቅጠል ሳህኑ ጎን ላይ ይለጠፋል፣ ተቀጥቅጦም ይጠቁራል። ካሮት ግን ጠንካራ ነው፣ ቢበዛበትም አይከፋም።

ጥያቄ፦ ብቻዬን የምኖር ተማሪ ነኝ። መክተፊያ ልግዛ ወይስ ቢላዋ ይበቃኛል? ከገዛሁስ ስንት የሚይዘውን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቀን የምትከትፈው አንድ ሽንኩርትና ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ብቻ ከሆነ አትግዛ። አንድ ቢላዋ ማጠብና አራት ዕቃ ማጠብ አንድ አይደለም። ክዳን አለ፣ ሳህን አለ፣ ስለት አለ፣ የሚወለወለው ሞተር አለ። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ በርከት አድርገህ አብስለህ የምታስቀምጥ ከሆንክ ግን ግዛው፣ ጊዜ ይቆጥብልሃል።

መጠኑ ላይ ተጠንቀቅ። «ትልቁ ለሁሉም ይሆናል» ብለው ሊትር ተኩል የሚይዘውን የሚገዙ አሉ። አንድ ሽንኩርት እንዲህ ያለ ሳህን ውስጥ ስትጨምር ስለቱ ወደ ጎን ይበትነውና ራሱ ባዶ አየር ይቆርጣል። ለአንድና ለሁለት ሰው ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ይበቃል። ስትገዛ ሳህኑን ከፍተህ ስለቱን እይ። የታችኛው ክንፍ ከሳህኑ ወለል በጣም ከራቀ ትንሽ ነገር አይከትፍልህም። በቻርጅ የሚሠሩት ትንንሾቹ ለነጭ ሽንኩርትና ለዝንጅብል ጎበዞች ናቸው፣ ሥጋ ላይ ግን ይደክማሉ።

ጥያቄ፦ ሥጋ እየፈጨሁ ማሽኑ ድንገት ቆመ። የተቃጠለ ሽታም አለው። ተቃጥሎ ይሆን? ሌላም ልጠይቅ፤ ነጭ ሽንኩርት ከትፌ ዘይት ውስጥ ባስቀምጠው ስንት ቀን ይቆያል?

መልስ፦ መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ። ብዙ ማሽኖች ሞተሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ራሱን የሚያጠፋ መከላከያ አላቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል ይተዉትና ይቀዝቅዝ። እስከዚያ ስለቱን አውጥተው ዘንጉን ይዩት፣ ብዙ ጊዜ ጅማት ተጠምጥሞበት ይገኛል። ከቀዘቀዘ በኋላ ባዶውን ለአንድ ሰከንድ ይሞክሩት። ከሠራ ተርፏል። ሽታው ከተመለሰ ወይም ጭስ ካዩ ግን ደግመው አይሰኩት።

የእኔ የመጀመሪያው ማሽን የሞተው እንዲህ ነው። እንግዳ ሊመጣ ሰዓት አጥሮኝ ከማቀዝቀዣ የወጣ፣ ገና በረዶውን ያልለቀቀ ሥጋ ጨመርኩበት። ስለቱ ተቀርቅሮ ሞተሩ ሲያጉረመርም እሰማለሁ፣ እኔ ግን ቁልፉን አልለቀቅኩም። የሚሰነፍጥ የፕላስቲክ ሽታ ወጥ ቤቱን ሞላው። በቃ፣ ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ስለዚህ ድምፁን ይስሙ። ሞተሩ ማጉረምረም ከጀመረ በዚያው ቅጽበት ይልቀቁ። መመሪያው ላይ በተከታታይ ስንት ሰከንድ መሥራት እንደሚችል ተጽፏል፤ ትንንሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ ከ30 ሰከንድ አይበልጥም። ከዚያ ዕረፍት ይስጡት።

ሥጋውን ጅማቱን አውጥተው በ2 ሴንቲ ሜትር ይቁረጡት። በረዶ ቤት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ ያቆዩት። ጠንከር ሲል በንጹሕ ይቆረጣል፣ ሞቅ ያለ ሥጋ ግን ስለቱ ላይ ይለጠፋል። ከአንድ እፍኝ በላይ በአንዴ አይጨምሩ። የተፈጨ ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይ፣ ሲበስልም መሃሉ ድረስ ይብሰል። አጥንት፣ በረዶና እንደ ገውዝ ያሉ ድንጋይ የመሰሉ ቅመሞች ይህ ማሽን ውስጥ አይግቡ።

ስለ ነጭ ሽንኩርቱ ጠንከር አድርጌ ነው የምናገረው። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት አድርጎ ከፍሪጅ ውጭ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። ዘይቱ አየር ስለሚከለክል ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ውስጡ ይመቸዋል። መርዙ ደግሞ በማሽተትም በማየትም ላይታወቅ ይችላል፤ ሰው ይገድላል። በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ፍሪጅ ውስጥ ያኑሩት፣ በ4 ቀን ውስጥ ይጨርሱት። ከዚያ በላይ ከፈለጉ በበረዶ መሥሪያው ትሪ እየከፋፈሉ ያቀዝቅዙት። እኔ የማደርገው ይህንን ነው። አንዷን ኩብ አውጥቼ በቀጥታ መጥበሻው ላይ እጥላታለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ ጣቶቿን ሪህ ያማታል፣ ቢላዋ መያዝ ከብዷታል። ምግብ ማብሰሉን ግን አልተውም ብላለች። ይህ ማሽን ይሆናታል?

መልስ፦ ይሆናታል። እኛም ቤት የገባው በዚሁ ምክንያት ነው። እናቴ የእጅ አንጓዋ ተሰብሮ ከዳነ በኋላ ቢላዋ ሲያንሸራትታት አይቼ ነው የገዛሁት።

ክዳኑ ተጠምዞ የሚቆለፈውን አይግዙላት፣ ለታመመ ጣት መጠምዘዝ ከመቁረጥ አይተናነስም። ሞተሩ ከላይ የሚቀመጥና ራሱ ሞተሩ ወደ ታች ሲጫን የሚሠራውን ይፈልጉ። እናቴ ጣቷን አታስቸግርም፣ በመዳፏ ነው የምትጫነው። እንዳይንሸራተት እርጥብ ጨርቅ አጥፈው ከሥሩ ያንጥፉ።

ስለቱን የሚያጥቡት ግን እርስዎ ይሁኑ። ማሽኑን የሚያውቁ ሰዎች የሚቆረጡት ሲከትፉ ሳይሆን ሲያጥቡ ነው። እኔ ሳሙና ባለው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌው ረሳሁና እጄን ሰደድኩ። ጠባሳው የቀለበት ጣቴ ላይ አለ። ስለቱን ከሁሉ በፊት ለብቻው፣ የፕላስቲክ መያዣውን ይዘው በብሩሽ ይጠቡና ወዲያው አድርቀው ያስቀምጡት። ሳህኑን ለማጥራት ለብ ያለ ውሃና አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው ስለቱን ከማውጣትዎ በፊት ሁለት ሦስቴ ይጫኑት። ሞተሩ ውሃ ውስጥ አይገባም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ክዳኑ ውስጥ ያለችውን የጎማ ቀለበትም በየጊዜው አውጥተው ይጠቡ፣ ሽታና ሻጋታ የሚደበቀው እዚያ ነው። ካሮት ሳህኑን ብርቱካናማ ካደረገው በዘይት በራሰ ጨርቅ ሲያሹት ይለቃል።

በመጨረሻ፣ ከፍ ያለ ቁም ሳጥን ውስጥ አያስቀምጡት። እናቴ ለሁለት ሳምንት ያልነካችው ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቅዬው ስለነበር ነው። ምድጃው አጠገብ፣ እጇ በሚደርስበት ቦታ ሳስቀምጠው በማግስቱ ጠዋት ሽንኩርት ከትፋ ጠበቀችኝ። ለእናትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።