ባለ አንድ ቀንዱን ታፔስትሪ ሳሎኔ ልስቀለው ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በ80 ዩሮ የገዛሽው፣ እመቤቲቱና ባለ አንድ ቀንዱ እንስሳ ያሉበት ቀይ ታፔስትሪ (ሥዕሉ አብሮ የተሸመነበት የግድግዳ ጨርቅ) ሳሎንሽ ውስጥ ያምር እንደሆነ፣ ሻጩ «የእጅ ሥራ ነው» ያለሽ እውነት እንደሆነና እንዴት እንደሚሰቀል ነው የጠየቅሽው። ባለቤትሽም «የነጮች ቤተ መንግሥት ዕቃ እኛ ቤት ምን ይሠራል» እንዳለሽ ጽፈሻል። እኔ ብራስልስ ውስጥ መጋረጃና የሶፋ ልብስ በሚሰፋበት ቤት መሥራት ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው። እንዲህ ያሉ ጨርቆች ለጥገና ሲመጡ ገበራቸውን የምቀይረው እኔ ነኝ፤ በእጄ ያለፈውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ገልብጪና ጀርባውን እዪ። በእጅ የተሸመነ ታፔስትሪ ላይ ማጉ ከዳር እስከ ዳር አይወረወርም። ሸማኔው ቀዩን ማግ ቀይ በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ ያመላልሰውና እዚያው ያቆመዋል፤ ከጎኑ በሌላ ክር ሌላ ቀለም ይጀምራል። ድሩ በማጉ ተሸፍኖ ጭራሽ አይታይም። ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ጥለት ሲጥል ቆመሽ አይተሽ ከሆነ፣ ሙሉ ጨርቁ ጥለት ብቻ የሆነ ሥራ አድርገሽ አስቢው። እንዲህ ያለው ሥራ ጀርባው ላይ ያው ሥዕል ግራና ቀኙ ተገላብጦ ይታያል፣ የክር ጫፎችም ይንጠለጠላሉ። ጃካርድ በሚባለው ማሽን የተሸመነው ግን ጀርባው ላይ ቀለሞቹ ረጅም መስመር ሠርተው ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ያልፋሉ። በለጠፍሽው ፎቶ ላይ ጥጉ ታጥፎ የሚታየው ይኸው መስመር ነው፤ ስለዚህ ያንቺ የማሽን ሥራ ነው። ግን አትዘኚ። ዋጋውም የማሽን ሥራ ዋጋ ነው፣ ሽመናውም ጠንካራ ይመስላል።

የሥዕሉ ዋና ፓሪስ፣ ክሉኒ ሙዚየም ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1500 ገደማ ለ ቪስት ለሚባል ቤተሰብ ከሱፍና ከሐር የተሸመኑ ስድስት ታፔስትሪዎች ናቸው፤ አምስቱ አምስቱን የስሜት ሕዋሳት ያሳያሉ። እዚያው ፈረንሳይ፣ ቡሳክ በሚባል ግንብ ውስጥ እርጥበትና አይጥ ሲያበላሻቸው ኖረው፣ በ1841 የታሪካዊ ቅርሶች ተቆጣጣሪ የነበረው ደራሲ ፕሮስፔር ሜሪሜ አይቷቸው ይጠበቁ ብሎ ጮኸላቸው፤ ሙዚየሙ የገዛቸው በ1882 ነው። የተበላው የታችኛው ክፍል በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደገና ተሸምኗል፤ ቀረብ ብለሽ ካየሽ ቀለሙ ከላዩ ይለያል። እኔ ስሄድ ክፍሉ ድንግዝግዝ ያለ ነበር፤ ብርሃን ቀለሙን ስለሚበላው ነው። ገብቼ ትንሽ እስክቆይ ድረስ ቀይ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ዓይኔ ሲለምድ ግን ጥንቸሎቹ፣ ከዚያ ትንንሾቹ አበቦች አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር ታፔስትሪ ሥዕል ብቻ ሳይሆን ጨርቅም መሆኑ ነው። ከላይ ተይዞ፣ ታቹ ተለቆ፣ በክብደቱ ሲወርድ ነው ውበቱ።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባበት ሌላ ነገር አለ፤ ቅጠሉና ሣሩ ለምን ሰማያዊ ሆነ? የዚያ ዘመን ቀለም ነካሪዎች አረንጓዴ የሚያወጡት ክሩን በሰማያዊና በቢጫ ዕፅ ደራርበው በመንከር ነበር። ቢጫው ብርሃን አይችልም፣ በዘመናት ውስጥ ይጠፋል፤ ሰማያዊው ይቀራል። አንዤ ከተማ ያለው የ14ኛው ክፍለ ዘመን የዮሐንስ ራእይ ታፔስትሪ ገበሩ ሲነሣ ጀርባው እንደ አዲስ ደምቆ ነው የተገኘው። የዛሬ ቅጂዎች ብዙውን ጊዜ የሚገለብጡት የደበዘዘውን ፊት ነው። ስለዚህ የሶፋ ትራስ ስትመርጪ ደማቅ አረንጓዴ አትፈልጊ፤ ከቅጠሉ ሰማያዊ ወይም ከሥዕሉ መደብ ቀይ ፈዘዝ ያለውን ውሰጂ። ግራጫ ሶፋሽ በጣም ይስማማዋል፣ እንዳትቀይሪው።

አሰቃቀሉ ላይ እኔ የሠራሁትን ስህተት አትድገሚ። የመጀመሪያዬን በአራት ጥጉ በሚስማር መትቼ፣ ከማሞቂያው በላይ ሰቀልኩት። ክረምቱ ሲያልፍ መሐሉ ረግቦ፣ የሚስማሩ ቀዳዳዎች ጣት እስኪያስገቡ ሰፍተው፣ የታችኛው ጠርዝ በማሞቂያው አቧራ ጠቁሮ አገኘሁት። ሳወርደው ደግሞ ከጀርባው ነጭ ድርና አሸዋ የመሰለ ነገር ረገፈ፤ ብል ነበር። ሱፉን ሲበላ እኔ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ቡና እጠጣ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንቺ ግን እንዲህ አድርጊ። ልክ እንደ ታፔስትሪው ወርድ ያለ ጣውላ ግድግዳው ላይ እሰሪ። የቬልክሮውን ሻካራ ጎን ጣውላው ላይ ምቺ፤ ለስላሳውን ጎን ሰፋ ባለ የጥጥ ጥብጣብ ላይ ስፊና ጥብጣቡን ከታፔስትሪው የላይ ጠርዝ ጀርባ በእጅ ስፌት ያዢው። ክብደቱ በሙሉ ወርዱ ላይ እኩል ይከፋፈላል፤ ዳሩ ቢያዘነብል ነቅሎ ማስተካከል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። መስታወት ውስጥ አታስገቢው። የቀጥታ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይም አይሁን። ሱፍ ካለበት ደግሞ ከመስቀልሽ በፊት በላስቲክ አሽገሽ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዪው፤ ከገበያ ያመጣውን ብል እንዳለ ይገድለዋል።

ይህንን የምለው ለእኛ ቤት ነው፦ ረከቦትሽን ከሥሩ አታድርጊ። የቡና ቁላቱ ጭስና ዕጣኑ ክር ውስጥ ይገባል፣ አይለቅም፤ ገበር ስፈታ የዕጣን ሽታ የወጣበት ጨርቅ ገጥሞኛል። ሌላው ክፍል ጥግ ይሻላል። ግድግዳውንም ለብቻው ተይለት፤ የሠርግ ፎቶና ሰዓት ከጎኑ አትደርድሪ።

ለባለቤትሽ ደግሞ ይህን ንገሪልኝ። የአውሮፓ መሳፍንት ታፔስትሪ ይወዱ የነበረው ድንጋዩን ግድግዳ ስለሚያለብስና ብርድ ስለሚከላከል ብቻ አልነበረም። ከግንብ ወደ ግንብ ሲዛወሩ ጠቅልለው ይዘውት ይሄዱ ነበር። እናንተም ተከራይ ናችሁ፤ ቤት ስትለቁ ጠቅልላችሁ ትሄዳላችሁ። አጥፋችሁ ግን አይሆንም፤ እጥፉ ላይ ክሩ ይሰበራል። ሥዕል የተሸመነበት ጨርቅ ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። በጎንደር ዘመን የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ሆኖ የተሸመነ፣ የነገሥታት ምስል ያለበት ትልቅ የሐር ሥራ ነበረን። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ተወስዶ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው ያለው። ሸማኔዎቻችን የሠሩትን አይቶ የመጣ ሰው ያንቺን ጨርቅ የባዕድ ነው አይልም።

የግድግዳሽን ወርድና መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ጻፊልኝ፤ ጣውላው በምን ያህል ከፍታ ላይ ቢሆን እንደሚሻል ለክቼ እነግርሻለሁ።